የመሪማ ቤት በደጋና ቆላ

መርሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈይሩዝ፣
አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይቆጣል። አክስትሽ አሲያም ደህና ናት፤ ራት እየሠራች ታመጣልኛለች፣ ካልበላሁም ትጣላኛለች። ስልኩ አንድ ቀን ይሠራና ብዙ ቀን ስለሚተኛ ይህችን ወረቀት በአውቶቡስ ሾፌሩ በአብዱልሐሊም እጅ ሰድጄልሻለሁ። መልሱንም ለሱ ስጪው።

አዎ፣ የላክሽው ኮምፒውተር ደርሶኛል። አልተሰበረም፣ አልረጠበም። መርሳ መብራቱ ስለሚያስቸግር ኮምፒውተሩን ወልድያ ኣብርሃ ሱቅ አስቀምጬዋለሁ። ኣብርሃን መቼም አትረሺውም፤ ያ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኙ ወዳጄ፣ እናትሽ በየበዓሉ ብርቱካን ትልክለት የነበረው። ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። ፍሬ ይዤ ወልድያ በወጣሁ ቁጥር ሸጬ ስጨርስ እሱ ዘንድ ገብቼ አያለሁ።

ልጄ፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? አገር ሠራችሁ እኮ! ኣብርሃ የሠራችሁትን ጨዋታ ሲከፍተው መጀመሪያ ጨለማ ሆነ፤ ቀጥሎ ወፍ ጮኸ፤ ቀጥሎ ከተራራው ጀርባ ብርሃን መጣ። ሱብሒ ሰግጄ ስወጣ የማየው ብርሃን ራሱ ነው፤ መጀመሪያ ጫፉን ነካ፣ ቆይቶ ወገቡን፣ ኋላ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። «ሱብሓነላህ!» ብዬ ጮኽኩ። ኣብርሃ «ቆይ ገና ነው፣ ምኑን አየህና» አለኝ። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ወንዙ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ይነጣል። አንዲት አሞራ ከላይ ስትዞር ጥላዋ መሬት ለመሬት ይከተላታል፤ ገደሉ ጋ ሲደርስ ጥላው ይሰበርና ከታች እንደገና ይቀጥላል። ጥላዋን ያሰበ ማን ነው? እስቲ ጻፊልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁም። ሰው እንዲህ አገር መሥራት ይፈቀድለታል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ልቤ የረጋው ወደ መርሳ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር፤ ያንኑ ብርሃን በእውነተኛው ተራራ ላይ አየሁት። እናንተ ይህን ያህል ሰው ሆናችሁ ዓመታት የደከማችሁበትን አላህ በየቀኑ ያለ ድካም ያወጣዋል፣ ያገባዋል። የእናንተ ሥራ የሱን አላሳነሰብኝም፤ አሳየኝ እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ተራራ ሥር ስመላለስ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም ለካ።

አሁን ልትስቂብኝ ነው። ጨዋታው ውስጥ የማንቀሳቅሰው ሰውዬዬ በረሃብ ሞተ። ወደ ተራራው ስንሄድ ከስክሪኑ ጥግ ያለችው ቀይ መስመር እያጠረች መጣች፤ ኣብርሃ «እርቦታል» አለ። ከመንገዱ ዳር የብርቱካን ማሳ አለ፤ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል።

«ቁረጥና ብላ!» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የጨዋታው ነው።»

«አጥር አለው እኮ። የታጠረ ነገር ባለቤት አለው።»

«ኡበይደላ፣ ሥዕል ነው!»

«የተሣለው አጥር ለምንድን ነው ታዲያ?»

ባለቤቱን ማሳውን ዞሬ ዞሬ ፈለግኩ፤ አጣሁት። ሰውዬው አጥሩ ሥር ድፍት አለ። ኣብርሃ ሳቁ አላቆም ብሎት «ጨዋታው ውስጥም ረመዳን ገባ እንዴ?» እያለ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሲያወራ ዋለ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው መሰለኝ። ያችን ቤት ገና አላገኘኋትም። የነገርሽኝን አልረሳሁም፤ እናትሽ መሪማ ለሕክምና አንቺ ዘንድ በሰነበተች ጊዜ ድምፅዋን ቀድታችሁ፣ ከተራራው ሥር ባለችው መንደር እንግዳ የምትቀበል ሴት አድርጋችኋታል። አላህ ይርሐማት፣ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ በሌላ በየትም የለኝም። ስልኬ ላይ የነበረው ከስልኩ ጋር ጠፋ። ፎቶዋ አለ፤ ፎቶ አይናገርም። ፊቷን አልረሳሁም፤ ድምፅዋ ግን እየራቀኝ ነው። አንዳንድ ቀን ስሜን እንዴት አድርጋ ትጠራኝ እንደነበር ላስታውስ እታገልና የአሲያ ድምፅ ይመጣብኛል። ስለዚህ የቤቷን ምልክት ጻፊልኝ።

ሥራሽስ እንዴት ነው? ስለ ሥራሽ ምንም አላልሽኝም።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ።

አባትሽ ኡበይደላ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ቅባት ይቀቡት፤ በአብዱልሐሊም ልኬያለሁ። ደብዳቤዎን እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አጥሩ ሥር የወደቁበት ጋ ስደርስ ስቄ ስቄ አብዱልሐሊም «ምን ተገኘ፣ ለኛም ንገሪን» አለኝ። አባዬ፣ በዚህ ጨዋታ እንዲህ የሞተ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሰው አጥር ሰብሮ፣ በግ ነድቶ፣ ጎተራ አቃጥሎ ነው የሚጫወተው። ያንን ማሳ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ የግራናውን የኛን ማሳ እያሰብኩ ነው የተከልኩት። ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ፤ ቆርጠው ይብሉ።

የአሞራዋን ጥላ ያሰበው አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ጥላው ገደል ላይ እንዲሰበር ስንት ቀን እንደለፋበት! እርስዎ ማየትዎን ብነግረው በጣም ደስ አለው። ማንም አላየለትም ነበር።

የቤቷን ነገር አይቸኩሉ፣ አባዬ። አገሩ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ሐይቁን ይዩ። ዝናብ ሲዘንብበት ይዩ። ቆላ ወርደው ግመሎቹ ውኃ ሲጠጡ ይዩ። ቤቷ የትም አትሄድም።

እኔ ደህና ነኝ፣ አያስቡ። አክስቴን ሰላም ይበሉልኝ። ራትዎን ይብሉ።

ልጅዎ ፈይሩዝ


መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፈይሩዝ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ቅባቱ ደርሶኛል፣ ጉልበቴም ትንሽ ተወዳጅቷል። በፈቃድሽ ብርቱካኑን በልቻለሁ። ሐይቁንም አየሁት። ዝናብ ሲመጣ ከወዲያ ማዶ መጋረጃ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ኣብርሃ እንኳ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው።

ምልክት ሳትሰጪኝ አገኘኋት። እንዴት ልስታት? የኛው ቤት ናት። ወደ ግራ የጎበጠችው የማንጎ ዛፍ፣ እናትሽ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ፣ ደጃፉ ላይ የተሰነጠቀችው ድንጋይ። ስንጥቋን ሳይቀር! አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ይባረክ።

ደጁ ላይ ቆምኩ። ሰላም የሚያስብለውን ቁልፍ ኣብርሃ አሳየኝ፤ ተጫንኩት፤ ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለ። ዝም። ቆየሁና ደገምኩ። ዝም። ሦስተኛም አልኩ። ከዚያ ፊቴን መልሼ ወጣሁ።

«የት ነው?» አለ ኣብርሃ።

«ሦስቴ ሰላም ብዬ አልተፈቀደልኝም። መመለስ ነው።»

«ስማኝማ! ስንት ሳምንት ስትፈልጋት ከርመህ፣ ሦስቴ ሰላም ብለህ ልትመለስ?»

«ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ቤት የምታጸዳ ትሆናለች፤ ተኝታ ይሆናል።»

«ሥርዓቱ ለሰው ነው እንጂ!»

«እሷስ ሰው አይደለችም?»

ኮምፒውተሩን አጠፋልኝ።

በሌላ ቀን ሄድኩ፤ እንደዚያው ሆነ። ሰዓት ቀይሬ በአስር ሶላት ግድም ሄድኩ፤ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ኣብርሃ ትዕግሥቱ አልቆ ኮምፒውተሩን ወሰደብኝና በሩን በእግሩ መታ፣ በዱላ መታ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ። «እረፍ፣ ቤቴ ነው!» አልኩት። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኡበይደላ፣ ይሄ በር አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሣለ ነው» አለኝ። ተቆጣሁ። ደህና ዋል ሳልለው ወጣሁ። በማግሥቱ ሰው ልኮ «የተቆጣኸው እኔን ነው ወይስ ግድግዳውን?» ብሎ አስጠየቀኝ። ግድግዳውን ነው በሉት አልኩ፤ ታረቅን።

አሁን የታዘብኩትን ልንገርሽ፤ እንዳይከፋሽ። የመንደሩ ሰው ሰላምታ አይመልስም። ጉድጓዱ ጋ የቆመው ሽማግሌ ሰላም ባልኩት ቁጥር «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ይለኛል። ጥሩ ነው፣ እሰየው፤ ግን «ልጆችህ እንዴት ናቸው?» ማለት አይችልም? አንዲት ሴት ሌማት ተሸክማ ከዛፉ እስከ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ እስከ ዛፉ ትመላለሳለች፤ የትም አትደርስም፤ አሳዘነችኝ። ይህን የሚያህል ተራራ ያቆመ ሰው «ወዓለይኩሙ ሰላም» የሚል አንድ ሰው ማቆም እንዴት አቃተው? ተራራውን ባላይ ኖሮ እንዲህ አይቆጨኝም ነበር። ተራራውን አይቼ ነው የቆጨኝ።

የወልድያ ጎረምሶች የጨዋታው ማስታወቂያ «ደጁ ሁሉ ይከፈታል» ይል ነበር፣ አሁን «ደጁ ሁሉ ይሣላል» ነው የምንለው እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ልጄ ናት የሠራችው አላልኩም። አፍሬብሽ ሳይሆን ስላንቺ ክፉ ቃል እንዳያሰሙኝ ፈርቼ ነው።

ስለዚህ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። «ይሠራ የነበረ ልጅ» ያልሽው የት ሄደ? እናትሽስ ያቺ ቤት ውስጥ ናት ወይስ አይደለችም? አላህ የወሰዳትን ሰው ደጅ መጥናቴ ከአላህ ውሳኔ፣ ከቀደር ጋር መጣላት ይሆንብኛል ወይ እያልኩም ከሶላት በኋላ ራሴን እጠይቃለሁ። ግን ስለሷ ዱዓ ሳደርግ የማስባት ድምፅዋን ነው፤ እሱ ከጠፋብኝ ማንን እንደማስብ አላውቅም።

አባትሽ ኡበይደላ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሰላም ይሁንልዎ። ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎትን ሁሉ በደስታ ፊት ነው የጻፍኩት፤ ይህን እንደዚያ መጻፍ አልቻልኩም።

የለችም። በሩን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ስንጀምር ሁሉም ደጅ እንዲከፈት ነበር ያሰብነው። ሽማግሌው ስለ ልጆችዎ ሊጠይቅዎ ነበር። ሌማት የተሸከመችው ሴት ለቅሶ ቤት ልትደርስ ነበር፤ ተከትለዋት ቢሄዱ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጡ ነበር። ተራራውን፣ ሐይቁን፣ ብርሃኑን ቀድመን ሠራን፤ ለሰው የሚያሳዩት እሱን ስለሆነ። ሰዎቹን ለኋላ አልን። ኋላ የሚባለው ጊዜ ሲደርስ የድርጅቱ ባለቤት «በዚህ ወር ካልወጣ አይወጣም» አለ። ያላለቀውን ቤት ሁሉ በር እየሣላችሁ ዝጉ ተባልን። የእማዬን ቤት ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ ራሴ ዘጋሁት። ከውስጥ ምንጣፉን አንጥፌ ጨርሼ ነበር፤ መደቡን ሠርቼ ነበር። እማዬ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» ትል ነበር። ብዙ ነገር ትል ነበር።

ጨዋታው ከወጣ በኋላ ሰው እንደሚሉት ሳቀብን። ድርጅቱ በመስከረም ተዘጋ። ሥራ ከፈታሁ ቆይቻለሁ፤ ኮምፒውተሩን ስልክልዎ ሥራ ላይ አልነበርኩም። እንዳያስቡ ብዬ ነው፤ ዐውፍ ይበሉኝ። ይህን ሙያ ልተወው ነው፤ አንድ ጓደኛዬ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቦታ አለ ብላኛለች።

የእማዬ ድምፅ ግን ገና አልጠፋም። ቢሮው ውስጥ በቀሩት ኮምፒውተሮች ላይ አለ። በቅርቡ ውስጣቸው ያለው ሁሉ ተጠርጎ ሊሸጡ ነው። ድምፅ ትቀዳልን የነበረችው ዳናይት የቢሮው ቁልፍ እስካሁን እጇ ላይ ነው። «ገብቼ ቀድቼ ልውጣ፣ ማን ያየኛል?» ትላለች። እርስዎን ሳልጠይቅ እሺ ማለት ከበደኝ፤ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ ነው መሰለኝ። ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ፈይሩዝ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ የልቤ ልጅ፣

አብሽሪ። ደብዳቤሽን ኣብርሃ ሱቅ አነበብኩት፤ ቀና ስል ሻይ አዞልኝ አገኘሁት፤ ምን ተጻፈ አላለኝም። ዐውፍ ብዬሻለሁ። ቅር አላለኝም ብዬ ግን አልዋሽሽም። የዘጋሽው በር አልከፋኝም፤ ሥራ ፈትተሽ ብቻሽን መክረምሽን ነው ያዘንኩበት። «ራትዎን ይብሉ» እያልሽ ስትጽፊልኝ አንቺ ምን በልተሽ እንደምታድሪ ሳስብ አደርኩ።

ወደ ጥያቄሽ። ይህን ወረቀት ሁለቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አንዱ ልቤ «የሚስትህ ድምፅ ነው፤ ካንተ የበለጠ ባለቤት ማን አለው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሌላው ልቤ ደግሞ «በሥዕል ብርቱካን የተራብክ ሰውዬ፣ በእውነተኛው ቤት ልትገባ ነው?» ይለኛል። ቢሮው የሰው ነው። ቁልፉ ለዳናይት በአማና፣ በአደራ የተሰጣት ነው። የሰው ደጅ ሳይፈቀድ ገብታችሁ ያመጣችሁልኝን ድምፅ እንዴት አድርጌ ደስ ብሎኝ እሰማዋለሁ? እሷ ራሷስ ምን ትለኝ ነበር? የጎረቤት ዶሮ ግቢያችን ገብታ የጣለችውን እንቁላል እንኳ መልሳ የምትሰጥ ሴት ናት።

ጠይቁት። ባለቤቱን ራሱን ጠይቁት። ዝም ቢል ደግማችሁ፣ ዝም ቢል ሠልሳችሁ ጠይቁት። ከፈቀደ አልሐምዱሊላህ። ካልፈቀደ ተመለሱ። እጄ ይህን ሲጽፍ እሺ ብሎኝ አይደለም።

ኣብርሃ ይህን ስነግረው ተነስቶ ሱቁ ውስጥ ተመላለሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ጀነት ከገባህ በትዕቢት ነው የምትገባው» አለኝ። ቆየና ደግሞ «ቢሆንም ጠይቁ በላቸው፤ ግን በፍጥነት ጠይቁ በላቸው» አለ። እኔም እንደሱ እላለሁ፤ ፍጠኑ።

አባትሽ ኡበይደላ


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንዳሉት አደረግን። ስልክ ደወልን፣ አላነሳም። ቤቱ ሄድን፣ የለም ተባልን። ሦስተኛው ላይ አገኘነው፤ ሳያስቸግር «የእናትሽ ከሆነማ ውሰጂ፣ ይሄ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለን። እየሮጥን ሄድን። ኮምፒውተሮቹ በዚያው ቀን ጥዋት ተጠርገው፣ ተጭነው ሄደዋል። ባዶ ጠረጴዛ ነው ያገኘነው።

እማዬ እንግዳ የተቀበለችበት ድምፅ የለም፣ አባዬ። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ አላህ ያውቃል። ዳናይት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አባትሽን አንድ ቀን አገኛቸዋለሁ!» ስትል ነበር፤ ልትመርቅዎ እንዳልሆነ ይግባዎ።

ይህን ጽፌ ልልክ ስል ግን ዳናይት መጣች። እየሮጠች ነው የመጣችው። እማዬን መጀመሪያ ቀን ማይክ ፊት ስናስቀምጣት ፈርታ ዝም ብላ ነበር። ዳናይት ልታለማምዳት «እማማ፣ ዝም ብለው የገበያ ቀንዎን ይንገሩኝ» አለቻት። እማዬ መንገር ትችላለች እንዴ? ሸጠችላት። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ግድግዳ ፊት፣ የሌለ ማንጎ እያነሳች ሸጠችላት። ያ ድምፅ ለምንም ተብሎ አልተቀዳም። ዳናይት ግን መጣሉ አሳዝኗት፣ በር ሣሉ የተባልን ሰሞን ቆላ ያለው ትልቁ ገበያ ጫጫታ ውስጥ ቀላቅላዋለች፤ ረስታው ነበር። ከብዙ ሰው ድምፅ ጋር ስለተዋሐደ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ግን እዚያው እርስዎ ዘንድ፣ ኣብርሃ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ሲኖር ነው የኖረው።

እኔ እዚህ በጓደኛዬ ኮምፒውተር ከፍቼ ሰማሁ። ብዙ ሰማሁ። ልለያት አልቻልኩም፤ የኔ ጆሮ ጫጫታውን ሲሠራ ስለከረመ ይሆናል። እርስዎ ይሞክሩ።

ልጅዎ ፈይሩዝ


መርሳ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፈይሩዝ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን አልሄድኩም። በማግሥቱም አልሄድኩም። ሄጄ ባልሰማትስ? እያልኩ ማሳ ውስጥ ያልደረሰ ፍሬ ስነካካ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ኣብርሃ ራሱ በሚኒባስ መርሳ ድረስ መጣና «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ» አለኝ።

ዙህር ሰግጄ ሱቁ ገባን። ኣብርሃ መዝጊያውን ከውስጥ ዘጋው። ሬዲዮኖቹን ሁሉ አጠፋ። አንዱ ደንበኛ ከውጭ «ኣብርሃ! ስልኬ ደረሰ?» ብሎ አንኳኳ።

«ጠፍቷል!»

«ምኑ? ስልኩ?»

«ስልኩም እኔም! ነገ ና!»

ሰውዬዬን ይዤ ከደጋው ወረድኩ። ረጅም መንገድ ነው፤ ኣብርሃ በፈረስ እንሂድ ሲለኝ በእግር ይሻለኛል አልኩት። ገበያው ሜዳ ላይ ነው፤ ድንኳኑ፣ ግመሉ፣ የጨርቁ ቀለም። ዳሩ ላይ ስደርስ ጫጫታው ተነሳ። መጀመሪያ ንብ ነው የሚመስለው። ቆሜ ሰማሁ። የወንድ ድምፅ፣ የበግ ድምፅ፣ የሚሳሳቅ ሰው። የለችም። «ዓይንህን ጨፍን» አለኝ ኣብርሃ። ጨፈንኩ።

ልጄ፣ መጣች።

«አንቺ፣ አትጭመቂው! ማንጎ ነው እንጂ የባልሽ አንገት አይደለም!»

ኣብርሃ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። «በማርያም!» አለ። «ራሷ ናት!» ቀጥላ «ቅመሺው፤ ካልጣፈጠሽ ተፊውና ሂጂ» አለች። ከዚያ ሳቀች። ያንን ሳቅ ረስቼው ኖሯል። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የምትጀምረው፣ ኋላ ነው ወደ አፏ የሚወርድ። ይህን እንዴት ረሳሁት? ሱብሓነላህ፣ ሱብሓነላህ።

ወደ እሷ ልሄድ ፈለግኩ። ወደ ፍሬ ተራ ሄድኩ፤ ድምፅዋ አልቀረበም። ወደ ጨርቅ ተራ ሄድኩ፤ አልራቀም። የትም ብቆም ትከሻዬ ጋ ናት። ማንጎ የያዘች አንዲት ሴት አየሁ፤ አፏ አይንቀሳቀስም፤ እሷ አይደለችም። ፊት የላት፣ ቤት የላት፤ ገበያው ሙሉ ግን እሷ ናት። ተደመምኩ። በአንዲት ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁልኝ ቢሆን ኖሮ ደጅ ጠንቼ፣ ገብቼ፣ ለብቻዬ እሰማት ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ በጨዋታው የሚስቅ ጎረምሳ በዚያ ሲያልፍ እሷ ማንጎ ትሸጥለታለች፤ ሳያውቅ። በሕይወቷ ያደረገችው ይህንኑ አይደለም? ይህን ያደረገው የዳናይት እጅ ነው። በርሽን በመዝጋትሽ የመጣ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ነገሩ ካቅሜ በላይ ይሆንብኛል፤ ለአሳቢው እተወዋለሁ። ለዳናይት ዱዓ አድርጌያለሁ። ስታገኘኝ የምትለኝን ትበለኝ።

የጨርቅ ሱቁን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሐላል እንጀራ ነው፣ ግቢ። ግን ሙያውን አትተዪው። አገራችሁ አላለቀም፤ ያየው ሰው ሁሉ አላለቀም ይላል፣ እውነቱን ነው። እኔም እላለሁ። ግን ባዶ ነው የሚለው ተሳስቷል። ሌላ ጊዜ ስትሠሪ ከሰውየው ጀምሪ። መጀመሪያ ሰላምታ የሚመልስ አንድ ሽማግሌ ሥሪ፤ ተራራውን ከኋላው ታቆሚለታለሽ።

አንድ የቀረኝ አለ፤ እሱን ጽፌ ልጨርስ።

ከሳቋ በኋላ ትንሽ ዝም ትላለች። ጫጫታው ይሄዳል። ከዚያ ዕቃዋን እንደምትሰበስብ ዓይነት ድምፅዋ ዝቅ ይልና «በሉ እኔ ልሂድ፤ ያ ሰውዬ ሳልገባ እህል አይቀምስም» ትላለች።

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። አልቀምስም ነበር። ሌማቱን ሸፍኜ በር በሩን አይ ነበር።

ይህን ብላ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ «አንቺ፣ አትጭመቂው!» አለች። እንደገና ማንጎው፣ እንደገና ሳቁ፣ እንደገና «በሉ እኔ ልሂድ»። እንደገና «አንቺ፣ አትጭመቂው!» ኣብርሃ ቀስ ብሎ «ይደጋገማል፤ ዙሪያውን ነው የሚሄደው» ብሎ አስረዳኝ። ገባኝ። ልሂድ ትላለች እንጂ አትሄድም። የቆመችበት ገበያ አያልቅም። መጀመሪያ በደስታ ደጋግሜ ሰማኋት፤ ኋላ ግን ደከመችብኝ። ቆማ የምትውል መሰለኝ። እግሯ ሲያብጥ ታየኝ።

«ኣብርሃ» አልኩት፣ «ልሂድ ስትል አጥፋልኝ።»

«መልሰህ አትሰማትም?»

«ሌላ ቀን እሰማታለሁ። ዛሬ ትግባ።»

ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አንዴ አመለጠው፤ ማንጎዋን ጀመረች። «ይቅርታ መሪማ» አለ፣ ለኔ አይደለም ለሷ። እንደገና ጠበቅን። ሳቀች። ዝም አለች። «በሉ እኔ ልሂድ፤ ያ ሰውዬ ሳልገባ እህል አይቀምስም።» ኣብርሃ ተጫነው። ጨለመ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ከቦታችን አልተነሳንም፤ መንገድ የጀመረ ሰው እንዳናስቆም ይመስል።

ወደ መርሳ ስመለስ መግሪብ ደርሶ ነበር። ሰገድኩ። አሲያ ሌማቱን ሸፍና አስቀምጣልኛለች። ክዳኑን አነሳሁ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ በላሁ።

አባትሽ ኡበይደላ